አንድ ዜማ፣ አራት ክላርኔት፤ የተቀዱ አጨዋወቶችን የማወዳደር አሠራር

ባሕር ዳር ውስጥ ክላርኔት የማስተምራቸው ልጆች ስልካቸውን ወደ ጆሮዬ እያስጠጉ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «ጋሼ፣ ከእነዚህ ከሁለቱ የማን ድምፅ ይበልጣል?» ከማርሽ ባንድ የሚመጡትም፣ ቤታቸው በዩቲዩብ የሚለማመዱትም ይኸንኑ ይጠይቃሉ። እዚያው ቆሜ በአንድ ቃል ልመልስላቸው አልችልም። ከስልኩ የሚወጣው የተጫዋቹ ድምፅ ብቻ አይደለምና። ተጫዋቹ አለ፤ መሣሪያውና ሪዱ (አፉ ላይ የሚርገበገበው ቀጭን ሸምበቆ) አለ፤ የተቀዳበት አዳራሽና ማይክሮፎን አለ፤ ቅጂው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የደረሰበት ነገርም አለ። እነዚህን ሳንለይ «የእሱ ይበልጣል» ብንል፣ ያመሰገንነው አዳራሹን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እኔ የምሠራበትን አካሄድ በተራ ጻፍሁት። ለምሳሌ የምጠቀመው ሞዛርት በ1791 እ.ኤ.አ. የጻፈውን የክላርኔት ኮንቼርቶ፣ ኬ 622 (የሥራው መለያ ቁጥር)፣ መካከለኛ ክፍል ነው፤ አዳጆውን። ዝግ ያለ ስለሆነ ኖታዎቹ ረጃጅም ናቸው፤ ቃና ደግሞ በደንብ የሚሰማው በረጅም ኖታ ላይ ነው። ስም ያለው ክላርኔት ተጫዋች ሁሉ ማለት ይቻላል ስለቀዳው ማወዳደሪያ አይጠፋም። አሠራሩ ግን ለሌላ ለማንኛውም ዜማ ይሆናል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኮምፒዩተር፣ ኦዳሲቲ የሚባለው ድምፅ መቁረጫና ማስተካከያ ነፃ ፕሮግራም የተጫነበት። ኮምፒዩተር ከሌለ በስልክም ይሠራል፤ በስልክ የሚለየውን በየቦታው እጠቁማለሁ።
- ባለ ሽቦ ኤርፎን። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ቢሆን ይመረጣል።
- የክላርኔቱ ኖታ በወረቀት የታተመ፣ እርሳስና ደብተር።
- ቱነር (የኖታን ከፍታ የሚለካ) መተግበሪያና የስልክ ስቶፕዋች።
- አንድ ረዳት። እህት፣ ወንድም፣ የግቢ ጎረቤት ቢሆን ግድ የለም፤ ሙዚቃ ማወቅ አይጠበቅበትም።

በስልክ ስፒከር አታዳምጡ። የቢ ፍላት ክላርኔት የመጨረሻው ዝቅተኛ ድምፅ 147 ሄርዝ አካባቢ ነው፤ ያቺ ትንሽ ስፒከር ደግሞ እዚያ ድረስ አትወርድም። ዜማው የተሰማችሁ ይመስላችኋል፤ አእምሯችን የጎደለውን መሠረት ከላይኞቹ ድምፆች ተነሥቶ ይሞላዋልና። ወፍራሙና ቀጭኑ ግን ሳይለይ ይቀራል።

ደረጃ 1፦ አጭር ቦታ ምረጡ

ሙሉውን 7 ደቂቃ አታወዳድሩ። ጆሮ የቃናን ዝርዝር ይዞ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ ሁለተኛው ቅጂ ሲጀምር የመጀመሪያው ከጠፋ የምታወዳድሩት ትዝታችሁን እንጂ ድምፁን አይደለም። ከአዳጆው እነዚህን ሦስት ቦታዎች ያዙ፦

ሀ. የመጀመሪያዎቹ 8 ባሮች (ባር ማለት ኖታው ላይ በቋሚ መስመር የተከለለ የምት ክፍል ነው)። ክላርኔቱ ዜማውን ያወጣል፤ ከሥሩ ባለ አውታሮቹ በለሆሳስ ይደግፉታል። ከ9ኛው ባር ኦርኬስትራው ዜማውን ይቀበላል።

ለ. መካከለኛው ክፍል ላይ ክላርኔቱ ከላይ ወደ ታች የሚዘልባቸው ባሮች። ላይኛውና ታችኛው ክልል ጎን ለጎን የሚሰማው እዚህ ነው።

ሐ. ዜማው ሊመለስ ሲል ሁሉም ቆሞ ክላርኔቱ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ። ኦርኬስትራው ዝም ስለሚል የተጫዋቹ ድምፅ ያለ አጃቢ የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ደረጃ 2፦ አራት ቅጂ አዘጋጁ

በሁለት ብቻ ከጀመራችሁ ፍርዱ «ይሄ ወይስ ያ» ይሆንና ጆሮ ጎራ ይይዛል። ከአራት በላይ ከሆነ ደግሞ ይደክማል። ለጀማሪ ሰፊ ልዩነት ስላላቸው የማዛቸው እነዚህ ናቸው፦ ሮበርት ማርሴለስ ከክሊቭላንድ ኦርኬስትራና ከጆርጅ ሴል ጋር በ1961 እ.ኤ.አ. የቀዳው፤ ካርል ላይስተር ከበርሊን ፊልሃርሞኒክና ከካራያን ጋር፤ ጃክ ብራይመር ከሮያል ፊልሃርሞኒክና ከቶማስ ቢቻም ጋር፤ ዛቢነ ማየር ከድሬስደን ኦርኬስትራ ጋር በባሴት ክላርኔት (ከተለመደው ረዝሞ ዝቅ በሚል ክላርኔት) የተጫወተችው።

በቀጥታ ከኢንተርኔት እየሰማችሁ አታወዳድሩ። ኔትወርክ ሲዳከም መተግበሪያው ጥራቱን በራሱ ዝቅ ያደርገዋል፤ አንዱን ተጫዋች በጥሩ ጥራት፣ ሌላውን በደካማ ትሰሙና የሪዱ ችግር ይመስላችኋል። መተግበሪያው ከመስመር ውጭ ማዳመጥ የሚፈቅድ ከሆነ በከፍተኛው ጥራት አውርዱ። ሲዲ ወይም በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ፋይል ካላችሁ ከሁሉም ይሻላል። ፋይሉ ኤምፒስሪ ከሆነ 320 ኪሎቢት የሚለውን ምረጡ፤ 128 ላይ መጀመሪያ የሚጎዳው ከፍተኛው ክልል፣ ማለትም የትንፋሹና የሪዱ ድምፅ ያለበት ቦታ ነው።

ደረጃ 3፦ ሰዓትና ቦታ

ጸጥታ የሌለበት ቤት የክላርኔትን ዝቅተኛ ድምፅ ይሸፍናል። እዚህ ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ በርና መስኮት ያንገጫግጫል፤ ከዋናው መንገድ የባጃጁ ድምፅ አይቋረጥም። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጨርሶ አትሞክሩት። እኔ አንድ ጊዜ በሐምሌ ከደብተሬ ላይ «ትንፋሽ ይበዛበታል» ብዬ የጻፍሁበት ተጫዋች፣ በጥቅምት ስሰማው ምንም ትንፋሽ አልነበረበትም፤ ካፊያው ነበር። ለኔ የሚመቸኝ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራ ሲወጣ ነው። ሐይቁ አጠገብ የምትኖሩ ሌሊቱን ትመርጡ ይሆናል፤ በእንቁራሪቱ ወራት ግን ሌሊቱም ጸጥ አይልም።

ላፕቶፑን ቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ። መሐል ላይ መብራት ሄዶ በማግስቱ ብትቀጥሉ ያስተካከላችሁት የድምፅ መጠን አይገኝም።

ስልኩ ላይ ድምፅ የሚያሳምሩ ማስተካከያዎችን ሁሉ ዝጉ፤ ቤዝ የሚጨምረውን፣ «ሰራውንድ» የሚለውን፣ ኢኳላይዘሩን። ለአራቱም አንድ ዓይነት ቀለም ስለሚቀቡ ልዩነቱን ያጠባሉ።

ደረጃ 4፦ ቅኝቱን አረጋግጡ

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ እኔም ዘልዬው አንድ ዓመት ሙሉ ተሳስቻለሁ። «ጨለም ያለ፣ የበሰለ ድምፅ» እያልሁ ለተማሪዎቼ የማሰማው አንድ ቅጂ ነበረኝ። ኋላ ከዋናው አልበም ጋር ሳስተያየው ያ ፋይል ከትክክለኛው ፍጥነት ዘግይቶ የተገለበጠ ሆኖ ተገኘ። ፍጥነት ሲቀንስ የኖታው ከፍታ ብቻ ሳይሆን የድምፁ ቀለም በሙሉ አብሮ ይወርዳል፤ ጆሮም ይህን «ወፍራም» ብሎ ይተረጉመዋል። በዚያ ዓመት ስንት ልጅ ያንን ቃና ፍለጋ ሪድ እንደቀያየረ ሳስብ እስካሁን ያሳዝነኛል።

አሠራሩ ይህ ነው። አዳጆው ዲ ሜጀር ላይ ስለሆነ የመጨረሻውን አኮርድ አጫውታችሁ ዲ ኖታን በቱነሩ ለኩ። ቱነሩ ኤ 440 ላይ (ኤ ኖታ 440 ሄርዝ እንዲሆን) ተቀምጦ ቀስቱ መሐል ላይ ከዋለ ኦርኬስትራው በ440 ተቃኝቷል። ወደ 8 ሴንት (ሴንት የግማሽ ቶን አንድ መቶኛ ነው) ከፍ ካለ በ442 ነው፤ ይህ የተለመደ ነው። በጥንታዊ መሣሪያ የሚጫወቱ ቡድኖች ብዙ ጊዜ በ430 አካባቢ ይቃኛሉ፤ ያኔ ቀስቱ ወደ 40 ሴንት ዝቅ ይላል። ይህም ስህተት አይደለም።

ታዲያ የተበላሸውን በምን እንለየዋለን? በርዝመቱ። የፋይሉን ርዝመት አልበሙ ላይ ከተጻፈው ርዝመት ጋር አስተያዩ። በግማሽ ቶን ዝቅ ብሎ የተገለበጠ ቅጂ በ6 ከመቶ ገደማ ይረዝማል፤ 7 ደቂቃ የነበረው 7 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ አካባቢ ይሆናል። ቅኝቱም ርዝመቱም አብረው ከራቁ ያንን ፋይል ጣሉትና ሌላ ፈልጉ። በኦዳሲቲ ፍጥነቱን ማስተካከል ይቻላል፤ ሌላ ምን እንደነካካው ስለማይታወቅ ግን እኔ ለቃና ማወዳደሪያ አልጠቀምበትም።

ደረጃ 5፦ የድምፁን መጠን እኩል አድርጉ

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ። አንዱ ቅጂ ከሌላው በ1 ዴሲቤል ብቻ ጎላ ቢል ጆሮ «ጮኸ» አይልም፤ «ጠራ፣ ቀረበ፣ ሞላ» ይላል። ማለትም የቮልዩምን ልዩነት የቃና ልዩነት አድርጎ ይሰጠናል። በተጨማሪም ጆሯችን በዝቅተኛ ቮልዩም ላይ ታችኛውን ክልል አሳንሶ ስለሚሰማ፣ ለስለስ ብሎ የተቀዳው ክላርኔት ሳይበደል ቀጭን ይመስላል።

በኮምፒዩተር፦ ከአራቱም ቅጂ ተመሳሳዩን 8 ባር ቆርጣችሁ ለየብቻ አስቀምጡ። ከዚያ ኦዳሲቲ ውስጥ ከኢፌክቶቹ «ላውድነስ ኖርማላይዜሽን» የሚለውን ለአራቱም በአንድ ቁጥር ተጠቀሙ። ቆረጣው መቅደም አለበት፤ ሙሉውን ክፍል ካስተካከላችሁ ኦርኬስትራው የሚጮህበት ቦታ ስሌቱን ይስበዋል፤ የመጀመሪያዎቹ 8 ባሮችም ሳይስተካከሉ ይቀራሉ። ደግሞ «ኖርማላይዝ» ብቻ የሚለውን አትምረጡ፤ እሱ የሚያስተካክለው የማዕበሉን ከፍተኛ ጫፍ እንጂ ጆሮ የሚሰማውን መጠን አይደለም። ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይምታታበታል።

በስልክ፦ ሁለቱን እያፈራረቃችሁ አጫውቱ፤ የጎላውን ዝቅ አድርጉ እንጂ የለሰለሰውን ከፍ አታድርጉ። የትኛው እንደሚጎላ መወሰን ሲያቅታችሁ ደርሳችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ልዩነት ፍለጋ ቮልዩም እየጨመሩ መሄድ ጆሮን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚያስቀምጠው ገደብ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ መጠኑ ከፍ ሲል የሚፈቀደው ሰዓት በፍጥነት ያንሳል። ኤርፎን አድርጋችሁ አጠገባችሁ ያለ ሰው በተራ ድምፅ ሲያናግራችሁ ካልሰማችሁት ቀንሱ።

ደረጃ 6፦ ስማቸውን ሰውሩ

ረዳቱ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። አራቱን ፋይሎች 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ ይሰይማቸው፤ የትኛው የማን እንደሆነ በወረቀት ጽፎ ኪሱ ያስገባ። ስም ስናውቅ የሰማነውን ሳይሆን ስለ ሰውዬው የተነገረንን እንጽፋለን። ቪዲዮ ከሆነ ስክሪኑን ገልብጡት፤ ገላውን እያወዛወዘ የሚጫወት ሰው ድምፁም የሚወዛወዝ ይመስለናል።

ደረጃ 7፦ ቃናውን በራሳችሁ ቃል ጻፉ

ልጆቹ ብዙ ጊዜ «ጥሩ ነው»፣ «ያምራል» ብለው ያቆማሉ። አማርኛ ግን ለድምፅ የተረፈ ቃል አለው፤ ለዘፋኝና ለካህን ስንጠቀምበት የኖርነውን ለክላርኔት ማዋል ነው። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ካልተስማማን ግን አይረዳንም። እኔ የማስይዛቸው እንዲህ ነው፦

መረዋ፦ እንደ ደወል ጥርት ብሎ የሚያስተጋባ። ኖታው ሲጀምር ግልጽ ነው፤ ሲያልቅም ሳይሰበር ይከስማል።

ጎርናና፦ ዝቅ ያለና ወፍራም። የክላርኔት ታችኛው ክልል በተፈጥሮው እንዲህ ስለሆነ ቃሉን ለላይኛው ክልል ብቻ ተጠቀሙበት፤ ላይኛው ክልል ላይ ጎርናና ከሆነ ያኔ የተጫዋቹ ምርጫ ነው።

ሰላላ፦ ቀጭንና አቅም ያነሰው። መሐል ላይ ያሉትን የጉሮሮ ኖታዎች የሚባሉትን ስሙ፤ አብዛኛው ቀዳዳ ተከፍቶ የአየሩ መንገድ አጭር የሚሆንባቸው ስለሆኑ በባሕርያቸው ሰላላ ናቸው። ጥሩ ተጫዋች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ያመሳስላቸዋል። የሰውን ሥራ ለመለየት ከእነዚህ የበለጠ ቦታ አላውቅም።

ሻካራ፦ ከድምፁ ጋር አብሮ የሚፋተግ ነገር ያለበት።

የታፈነ፦ ላይኛው ድምፅ የጎደለው፤ በመጋረጃ በኩል እንደሚሰማ። የሾለ ደግሞ ተቃራኒው ነው።

ነፋስ ያለበት፦ ከኖታው ጎን የሚያልፍ ትንፋሽ የሚሰማበት።

ሕጉ አንድ ነው፦ ቃል ስትጽፉ ሰከንዱን አብራችሁ ጻፉ። «ሰላላ፣ በ14ኛው ሰከንድ» እንጂ «ሰላላ» ብቻ አይበቃም። ሰከንዱ ካለ ሌላ ሰው ሄዶ ሰምቶ ሊስማማ ወይም ሊከራከር ይችላል።

አንዱን ኖታ በሦስት ከፍላችሁ ስሙ፤ ሲጀምር፣ ሲቆይ፣ ሲያልቅ። አጀማመሩ ላይ ምላሱ ይሰማል ወይስ ድምፁ ከዝምታ ውስጥ ብቅ ይላል? ሲቆይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ወይስ ይርገበገባል? በሰከንድ 5 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ከሆነ ቪብራቶ ነው። ሲያልቅ ቀስ ብሎ ይጠፋል ወይስ ይቆረጣል? የአጀማመሩን ጥቅም ለማየት ኦዳሲቲ ላይ የአንድ ረጅም ኖታን መጀመሪያ፣ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል፣ ቆርጣችሁ አውጡና የቀረውን ስሙት። ሁለት የተለያዩ ተጫዋቾች ወዲያው ሲቀራረቡ ትሰማላችሁ።

ጆሯችሁ ገና ከሆነ በክላርኔት አትጀምሩ። ሁለት ሰዎች የተጫወቱትን አንድ ትዝታ በማሲንቆ ወይም በዋሽንት ፈልጉና ይህንኑ ደረጃ ሥሩበት። ማን ኖታውን ሳብ አድርጎ እንደሚይዝ፣ ማን በጥቃቅን ድምፅ እንደሚያስጌጠው ከልጅነታችሁ ጀምሮ ታውቁታላችሁ፤ እንግዳ የሚሆነው ሰከንዱን መጻፉ ብቻ ነው። ለአንዳንዱ ተማሪ አንድ ቀን እንዲህ መለማመዱ ከሳምንት በላይ አሳጥሮለታል።

ደረጃ 8፦ ተጫዋቹን ከቅጂው ለዩ

አሁን «የታፈነ» ብላችሁ የጻፋችሁትን ፈትኑት። መፈተኛው ኦርኬስትራው ነው። ረዳቱ ስሙን ሳያሳይ ሙሉውን ፋይል ያጫውትላችሁና 9ኛው ባር ላይ ቫዮሊኖቹ ሲገቡ ስሙ፦ እነሱም የታፈኑ ከሆኑ መጋረጃው ያለው ማይክሮፎኑ ላይ፣ አዳራሹ ላይ ወይም የድሮው ሸክላ ላይ ነው። ቫዮሊኖቹ ጥርት ብለው ክላርኔቱ ብቻ ጨለም ካለ ግን ያ የተጫዋቹና የመሣሪያው ነው። ይህን አንድ ጥያቄ መጠየቅ የለመደ ልጅ ከዚያ በኋላ በቀላሉ አይታለልም።

ሁለተኛ መፈተኛ፦ የጣት መክፈቻዎቹ ኳ ሲሉና ተጫዋቹ ሲተነፍስ ከተሰማ ማይክሮፎኑ ቅርብ ነበር። ቅርብ ማይክ ትንፋሹንና ሻካራነቱን ያጎላል፤ ከሩቅ የተቀዳው አዳራሹ ያለሰልሰዋል። «ሐ» የሚለውን ቦታ ስሙና ክላርኔቱ ሲያቆም ድምፁ በአየር ላይ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ቁጠሩ። ረጅም ከሆነ ሌጋቶው (ኖታዎቹ ሳይቆራረጡ መያያዛቸው) የተጫዋቹ ብቻ አይደለም፤ አዳራሹም ኖታዎቹን እያያያዘለት ነው።

ከዚህ በኋላ ረዳቱ ወረቀቱን ያውጣ። አሁን መሣሪያው ይታያል። ላይስተርና ማየር የሚጫወቱት በጀርመን ሥርዓት ክላርኔት ነው፤ ማውዝፒሱም (አፍ ውስጥ የሚገባው ጫፍ) ሪዱም የጣት አቀማመጡም ከእኛ ይለያል። ማርሴለስ በፈረንሳይ ሥርዓት ነው፤ እዚህ አገር በብዛት የምናገኘውም ይኸው ሥርዓት ነው። ብራይመር የተጫወተበት 1010 የተባለው የእንግሊዝ ክላርኔት የውስጥ ቀዳዳው 15.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የፈረንሳዩ ደግሞ 14.6 አካባቢ። ግማሽ ሚሊሜትር ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ወደ ሰፊውና ልል ወዳለው ድምፅ ትወስዳለች። ብራይመር ቀለል ያለ ቪብራቶ ይጨምርበታል፤ ላይስተር አይጨምርም።

ማየር ላይ ታችኛው ኖታ እናንተ ከያዛችሁት ወረቀት በታች ሲወርድ ከሰማችሁ ከራሷ የፈጠረችው እንዳይመስላችሁ። ሞዛርት ይህን ሥራ የጻፈው ለአንቶን ሽታድለር ባሴት ክላርኔት ነው፤ መሣሪያው ከተለመደው ኤ ክላርኔት ይረዝማል፤ በጽሑፍ እስከ ታችኛው ሲ ይወርዳል፤ የኛ ግን ኢ ላይ ያበቃል። የሞዛርት የእጅ ጽሑፍ ጠፍቷል፤ የታተመው ኖታ ለተለመደው ክላርኔት እንዲሆን የተስተካከለ ነው። ስለዚህ «ለ» ላይ የምትሰሙት ልዩነት ከኅትመቱ የመጣ ስለሆነ አጨዋወት ብላችሁ አትቁጠሩት።

ደረጃ 9፦ አጨዋወቱን ለኩ

ቃናውን በቃል ጻፋችሁ፤ አጨዋወቱን ግን በቁጥርና በምልክት ያዙ።

ፍጥነት። ክላርኔቱ ከጀመረበት እስከ 9ኛው ባር መጀመሪያ በስቶፕዋች ለኩ። 8 ባር በ3 ምት 24 ምት ነው። 24 በ60 ተባዝቶ ለሰከንዱ ሲካፈል በደቂቃ ስንት ምት እንደሆነ ይሰጣችኋል፦ 36 ሰከንድ ከወሰደ 40፣ 32 ከወሰደ 45። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ መካከለኛውን ውሰዱ፤ ጣት ይዘገያልና። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን 4 ባርና የኋለኞቹን 4 ለየብቻ ለኩ። እኩል ካልሆኑ ተጫዋቹ የት እንደቸኮለ ወይም የት እንደቆየ ታውቃላችሁ። ዝም ብሎ ሲሰማ «ዝግ ያለ» የመሰለ አጨዋወት ሲለካ ፈጠን ብሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ረጃጅም ሐረግ ጆሮን ያረጋጋዋል።

ትንፋሽ። ኖታው ላይ ተጫዋቹ የተነፈሰበትን ቦታ ሁሉ በኮማ ምልክት አድርጉ፤ ለየተጫዋቹ በተለየ ቀለም። ዜማው የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ትንፋሹ ነው። ሁለት ኮማ ያለውና አራት ኮማ ያለው አንድን ዜማ እንደ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያነቡታል።

አያያዝ። የእጅ ጽሑፉ ስለጠፋ በኖታችሁ ላይ ያለው የማያያዣ ቅስት ሁሉ የሞዛርት ነው ማለት አይቻልም፤ ብዙው የአሳታሚዎች ነው። ተጫዋቹ ከወረቀታችሁ ከተለየ «ተሳሳተ» አትበሉ። የት እንዳያያዘና የት በምላሱ እንደነካ ብቻ መዝግቡ።

ጉልበት። ዜማው ከቆመበት ተነሥቶ ሲመለስ ከመጀመሪያው ይለሰልሳል? ብዙዎች እዚህ ላይ እስከ ሹክሹክታ ይወርዳሉ። እዚህ ላይ ግን በደረጃ 5 የተስተካከሉትን ቁራጮች አትጠቀሙ፤ ያልተነካውን ሙሉ ፋይል ስሙ። ለየብቻ የተስተካከለ ቁራጭ የለሰለሰውን አጉልቶ፣ የተጫዋቹን ሥራ ያጠፋዋል።

«ሐ»፣ ብቸኛው ቦታ። ተጫዋቹ ነፃ የሚሆንበት ቦታ ነው። አንዱ ሁለት ሦስት ኖታ ብቻ ያልፍበታል፤ ሌላው ያስጌጠዋል። ርዝመቱን በሰከንድ ጻፉ፤ ከዚያ ወደ ዜማው ሲመለስ ቆሞ ነው ወይስ ሳይቋረጥ የሚለውን።

ደረጃ 10፦ አቁሙ፣ በሌላ ቀን ድገሙ

ከ40 ደቂቃ በኋላ ጆሮ ይደክማል፤ የሾለው ሁሉ ያስጠላል፣ የታፈነው ሁሉ ያምራል። ደብተሩን ዝጉት። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ረዳቱ የፋይሎቹን ቁጥሮች አቀያይሮ እንደገና ያሰማችሁ፤ የድሮውን ሳታዩ ጻፉ። ሁለቱን ጊዜ የተስማማው ማስታወሻ ይጽና፤ ያልተስማማው ይሰረዝ። እኔ በመጀመሪያ ሙከራዬ ከጻፍሁት ግማሹን ያህል ሰርዣለሁ።

በየጊዜው የማያቸው ስህተቶች

«ሪዱ ስንት ቁጥር ነው?» ብሎ ከቅጂ መገመት። ከቅጂ አይታወቅም። አንድ ቁጥር ሪድ በሁለት ማውዝፒስ ላይ ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰጣል። የሰሙትን ቃና ለማግኘት ብለው ከአቅማቸው በላይ ጠንካራ ሪድ ገዝተው ከንፈራቸውን ያቆሰሉ ልጆች አጋጥመውኛል።

የአንዱን ታችኛ ክልል ከሌላው ላይኛ ክልል ጋር ማስተያየት። ክላርኔት አንድ ጫፉ በሪዱ የተዘጋ ቱቦ ስለሆነ ታችኛው ክልል ላይ የሚጎሉት ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ሐርሞኒኮች (ከኖታው ጋር አብረው የሚሰሙ ብዜቶቹ) ናቸው፦ ኖታው 147 ሄርዝ ከሆነ 441 እና 735 ጎልተው 294 ይደክማል። ላይኛው ክልል ላይ ይህ ባሕርይ እየጠፋ ይሄዳል። ሁለቱ ክልሎች ሁለት መሣሪያ እስኪመስሉ ይለያያሉ፤ ስለዚህ ኖታን ከራሱ ኖታ ጋር ብቻ አስተያዩ።

ከጆሮ ይልቅ ሥዕሉን ማመን። ኦዳሲቲ የድምፁን ስፔክትረም ይስላል፤ ቆንጆ ነገር ነው። ግን ኦርኬስትራው እየተጫወተ ከሆነ የምታዩት የክላርኔቱን ብቻ አይደለም። ከተጠቀማችሁበት «ሐ» ላይ ብቻ፣ ያውም ጆሯችሁ ከጻፈ በኋላ ይሁን።

የመጀመሪያውን የሰሙትን መውደድ። ጆሮ ቀድሞ የለመደውን እንደ መለኪያ ይይዛል። ረዳቱ ተራውን በየዙሩ ይቀያይር።

የራሳችሁን ስትጨምሩ

በመጨረሻ ብዙዎቹ ልጆች የራሳቸውን ቀድተው አምስተኛ ሊያደርጉት ይፈልጋሉ። አድርጉት። ስልኩን ከክላርኔቱ 2 ሜትር ያህል አርቃችሁ፣ በደረት ከፍታ፣ ወደ ደወሉ (ወደ ሰፊው የታች አፉ) ሳይሆን ወደ መሣሪያው መሐል አቅጣጫ አስቀምጡ። የክላርኔት ድምፅ በአብዛኛው የሚወጣው ከተከፈቱት ቀዳዳዎች ስለሆነ ደወሉ ፊት የተደቀነ ስልክ ጥቂት ኖታዎችን ብቻ ያስጮኻል። ባዶ ክፍል አይሁን፤ መጋረጃ ወይም አልጋ ያለበት ቢሆን ግድግዳው አይመልስባችሁም።

ሲሰማ ግን ፍጥነቱን፣ ትንፋሹን፣ አያያዙን፣ የኖታዎቹን አጀማመርና ቅኝቱን ብቻ ከአራቱ ጋር አስተያዩ። ቃናውን ከእነሱ ጋር አታወዳድሩ፤ የስልክ ማይክና የተዘጋጀ አዳራሽ አይገናኙም። ቃናችሁን ለመከታተል ከፈለጋችሁ በዚያው ስልክ፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ርቀት በየወሩ ያንኑ 8 ባር ቅዱና የመስከረሙን ከጥቅምቱ ጋር አስተያዩ። ወለሉ ላይ ስልኩ የተቀመጠበትንና እናንተ የቆማችሁበትን በኖራ ምልክት አድርጉበት።